ስሪቱ የት ነው? ስለ ስሪት ሀገር ደንብና ስለ ቀረጥ ቅናሽ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቢሮዬ ቃሊቲ ነው፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና በደጃችን ያልፋል። ሥራዬ የወጪና የገቢ ዕቃ ሰነድ ማዘጋጀት ነው። ከአቃቂ ጫማ የሚሠሩ፣ ከገላንና ከዱከም ልብስ የሚልኩ፣ ከሱሉልታ ማር፣ ከለገጣፎ በርበሬና ሽሮ የሚያሽጉ ሰዎች ይመጡብኛል። ሰውና ዕቃው ቢለያይም ጥያቄው ይመሳሰላል። አብዛኞቹ የሚመጡት ደግሞ ዕቃው ተጭኖ፣ መኪናው ሞተር አስነስቶ ሲጠብቅ ነው። ስሪት ሀገር ግን በመጫኛው ቀን የሚስተካከል ጉዳይ ስላልሆነ፣ መልሶቹን ጥሬ ዕቃ ሳይገዛ ለሚያነብ ሰው ብዬ ጻፍኳቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ስሪት ሀገር ምንድን ነው? ዕቃው የተጫነበት ሀገር ማለት አይደለም?

አይደለም። ስሪት ሀገር ዕቃው ሙሉ በሙሉ የተገኘበት ወይም ዓይነቱን የቀየረው ዋነኛው ሥራ የተሠራበት ሀገር ነው። ጎማ ከዱባይ ተጭኖ ቢመጣ፣ ኢንቮይሱም (የሽያጭ ደረሰኙም) ዱባይ ቢቆረጥ፣ የተመረተው ሕንድ ከሆነ ስሪቱ ሕንድ ነው። የእኛም ቡና በጅቡቲ ወደብ ስለወጣ የጅቡቲ ቡና አይባልም።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ለይታችሁ ያዙልኝ። ምርቱ ላይ «በኢትዮጵያ የተሠራ» ተብሎ መጻፉ አንድ ጉዳይ ነው፤ ለቀረጥ ቅናሽ የሚያበቃ ስሪት መያዙ ሌላ ጉዳይ ነው። ለገበያና ለስታትስቲክስ የሚያገለግለው ተራው ስሪት ላላ ያለ መለኪያ አለው። ለቅናሽ የሚጠየቀው ግን ቅናሹን የሚሰጠው ሀገር በጻፈው ደንብ ነው የሚለካው። አንድ ጫማ በአንደኛው ደንብ ኢትዮጵያዊ ሆኖ በሌላኛው ላይሆን ይችላል። ደንበኞቼን በጣም የሚያስገርማቸው ይሄ ነው።

ይሄ ሁሉ ልፋት ስንት ብር ያድናል?

እንደ ዕቃውና እንደ መድረሻው ይለያያል፤ አንዳንዴ ምንም አያድንም። አውሮፓ ኅብረት በማደግ ላይ ካሉት ሁሉ ወደኋላ ለቀሩ ሀገራት ከ2001 ጀምሮ ከጦር መሣሪያና ከጥይት በቀር ሁሉንም ዕቃ ያለቀረጥና ያለኮታ ይቀበላል። ኢትዮጵያም ከእነዚህ ሀገራት አንዷ ናት። ነገር ግን ያልተቆላ ቡናና ሰሊጥ አውሮፓ ሲገቡ ከየትም ቢመጡ ቀረጣቸው ዜሮ ነው። ስለዚህ ጥሬ ቡና ወደ ጀርመን የሚልክ ሰው የቅናሽ ሰነድ ቢያያይዝም ባያያይዝም ቀረጡ ያው ነው።

ቡናውን ቆልቶ የሚልከው ግን ሌላ ሒሳብ አለው። የተቆላ ቡና መደበኛ ቀረጡ 7.5 በመቶ ነው። የማር 17.3 በመቶ፣ የጥጥ ቲሸርት 12 በመቶ፣ የአብዛኛው የቆዳ ጫማ 8 በመቶ ነው። ጽጌረዳ ከኅዳር እስከ ግንቦት 8.5፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት 12 በመቶ ነው፤ ወራቱም የፈረንጆቹ ናቸው። 10,000 ዩሮ የሚያወጣ ማር ስሪቱ በትክክል ከተረጋገጠ 1,730 ዩሮ ይድናል ማለት ነው።

ቻይና ስትሄዱ ደግሞ ሥዕሉ ይገለበጣል። እዚያ ጥሬ ቡና መደበኛ ቀረጡ 8 በመቶ፣ ሰሊጥ 10 በመቶ ነው። ቻይና ግን ከታኅሣሥ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግንኙነት ላላት በማደግ ላይ ካሉት ወደኋላ ለቀሩ ሀገራት ሁሉ በሁሉም የታሪፍ መስመሮች ዜሮ ቀረጥ ፈቅዳለች። ስለዚህ ሐምቡርግ ላይ ዋጋ የሌለው ወረቀት ሻንጋይ ላይ ዋጋ አለው። አንድ ሰው ቢሮዬ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ነው የምትልከው?» ብዬ ነው፤ «ምንድን ነው የምትልከው?» የሚለው ሁለተኛ ጥያቄዬ ነው።

ዕቃዬ ኢትዮጵያዊ መሆኑ በምን ይለካል?

ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ እዚሁ የተገኘ መሆኑ ነው፦ እዚህ የበቀለ፣ እዚህ የተወለደና ያደገ ከብት፣ እዚህ የተቆፈረ ማዕድን። የሆለታና የሰበታ አበባ አብቃዮች «ችግኙ የመጣው ከውጭ ነው፤ ታዲያ ስሪቱን ያበላሽብናል?» ብለው ይሰጋሉ። አያበላሽም። በአውሮፓው ደንብ ዘሩ፣ አምፖሉ ወይም ቁርጥራጩ ከሌላ ሀገር ቢመጣም አበባው እዚህ አድጎ እዚህ ከተቆረጠ የዚህ ሀገር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከውጭ የመጣ ነገር ላለበት ዕቃ ነው። ያ የውጭ ጥሬ ዕቃ እዚህ በቂ ለውጥ ማግኘት አለበት። በቂ የሚባለው በሦስት ዓይነት ይለካል። አንደኛው የታሪፍ ቁጥሩ፣ ማለት ጉምሩክ ለየዕቃው ዓይነት የሚሰጠው ኮድ፣ መቀየሩ ነው፤ ጨርቅ ሆኖ ገብቶ ሸሚዝ ሆኖ መውጣት እንደ ማለት። ሌላው የዋጋ ድርሻ ነው፤ የውጭው ጥሬ ዕቃ ከተወሰነ መቶኛ እንዳይበልጥ ወይም እዚህ የተጨመረው እሴት ከተወሰነ መቶኛ እንዳያንስ ይጠየቃል። ሦስተኛው የተወሰነ ሥራ መሠራቱ ነው። ለልብስ አውሮፓ ወደኋላ ከቀሩ ሀገራት የሚጠይቀው ከጨርቅ ጀምሮ መስፋቱን ብቻ ነው፤ ክሩ እዚህ መፈተሉን፣ ጨርቁም እዚህ መሸመኑን አይጠይቅም። ይህ ላላ ያለ ደንብ ከ2011 ጀምሮ የመጣ ነው። ጨርቅ ከውጭ እያስገቡ ለሚሰፉት፣ ቦሌ ለሚ ላሉት ፋብሪካዎች ዓይነት፣ ትልቅ በር ነው።

ማሸግ፣ መለያ መለጠፍ፣ ማበጠር፣ ማጠብ፣ መተኮስ፣ ከጆንያ ወደ ትንሽ ፓኬት መገልበጥ ግን የትኛውም ደንብ ዘንድ ስሪት አይሰጥም። አንድ ሰው ከውጭ በኩንታል የመጣ ሻይ አምጥቶ በሚያምር ካርቶን አሽጎ «የኢትዮጵያ» ብሎ ሊልክ አስቦ ነበር። ካርቶኑ ኢትዮጵያዊ ሊሆን ይችላል፤ ሻይው አይሆንም።

የጫማዬ ሶል ከቻይና ነው። ጫማው የኢትዮጵያ ይባልልኛል?

ይህን ረዘም አድርጌ ልመልሰው፤ በብዛት የሚጠየቀውም የሚስተውም እዚህ ላይ ነው።

አቃቂ አንድ አነስተኛ የጫማ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቆዳው ተቆርጦ ተደርድሯል፤ ማስቲሹ ይሸታል፤ ጥግ ላይ ሶሎች በጆንያ ተቀምጠዋል። ከባለቤቱ ጫማዎች አንዱን አንሥቼ ገለበጥኩት። ሶሉ ሆድ ላይ የተሠራበት ሀገር ስም በጉልህ ተቀርጿል። ባለቤቱ ደንግጦ «ይሄ ነው የሚያስጥለኝ?» አለኝ። እሱ አልነበረም። ቁጭ ብለን የአንድ ጥንድ ወጪ ጻፍን። ለምሳሌ እንዲመች ቁጥሮቹን እኔ አጠጋግቼ ላስቀምጥ፦ የሀገር ውስጥ ቆዳ 700 ብር፣ የሀገር ውስጥ ገበር 100 ብር፣ ከውጭ የመጣ ሶል 450 ብር፣ ከውጭ የመጣ ማስቲሽ፣ ክርና ቀለበት 150 ብር፣ ጉልበት፣ መብራት፣ ኪራይና ሌላው የፋብሪካ ወጪ 600 ብር። ድምሩ 2,000 ብር።

ይህን ጫማ ወደ ኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባል ሀገር ቢልከው ደንቡ ከሚያስቀምጣቸው መለኪያዎች አንዱን ብቻ ማሟላት ይበቃዋል። አንደኛው የውጭ ጥሬ ዕቃ ዋጋ ከጠቅላላው የጥሬ ዕቃ ዋጋ 60 በመቶ አይብለጥ ይላል። የውጭው 600፣ ጠቅላላው ጥሬ ዕቃ 1,400 ነው፤ 43 በመቶ ገደማ ይመጣል። አለፈ። ሌላው የተጨመረው እሴት ከፋብሪካ ወጪው ቢያንስ 35 በመቶ ይሁን ይላል። ከ2,000 ላይ የውጭውን 600 ስትቀንሱ 1,400 ይቀራል፤ 70 በመቶ ነው። ይህም አለፈ። የውጭው ጥሬ ዕቃ የሚሰላው ከባሕር ማዶ ተጓጉዞ ሲደርስ ባለው ዋጋ መሆኑን አትርሱ፤ መድንና ማጓጓዣው አብሮ ይገባል።

አሁን ያው ሰው ርካሽ አገኘሁ ብሎ ቆዳውንም ከውጭ በ700 ብር አመጣ እንበል። የውጭው 1,300 ሆነ። ከ1,400 ጥሬ ዕቃ 93 በመቶ ገደማ ስለሆነ በመጀመሪያው መለኪያ ወደቀ። በሁለተኛው 700 ሲካፈል ለ2,000፣ ልክ 35 በመቶ። ጠርዝ ላይ ቆሟል። የውጭ ምንዛሪ በብር ሲታሰብ በ10 በመቶ ቢወደድና የውጭው ዕቃ 1,430 ቢሆን፣ ወጪው 2,130 ይሆናል፤ የተጨመረው እሴት ያው 700 ነው፤ 33 በመቶ ገደማ። ወደቀ! ሠራተኛው፣ ማሽኑ፣ ጫማው አልተቀየረም፤ ምንዛሪው ብቻ ነው የተቀየረው። ከሐምሌ 2024 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አምና የሠራሁትን ስሌት ዘንድሮ አገላብጬ የማቀርብ ሰው አይደለሁም፤ በየጭነቱ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የሁለተኛው ጫማ ተስፋ ከቆዳና ከሶል ቁጥር ወደ ጫማ ቁጥር መለወጡ ነው፤ የኮድ ለውጡ መለኪያ ለዚያ ዕቃ የሚሠራ መሆኑን ግን ዝርዝሩን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

አውሮፓ ቢልከው ስሌቱ ሌላ ነው። እዚያ የጫማ ደንብ መቶኛ አይጠይቅም፤ የሚከለክለው አንድ ነገር ነው፦ የጫማው የላይኛው አካል ከውስጥ ሶሉ ወይም ከሌላ የሶል ክፍል ጋር ተያይዞ ከውጭ እንዳይመጣ። ሶሉ ለብቻው ከቻይና፣ ቆዳው ከየትም ቢመጣ ተሰፍቶና ተጣብቆ እዚህ ጫማ ከሆነ ያልፋል። ከፊል የተገጠመ ጫማ አምጥቶ እዚህ ጨርሶ መላክ ግን አያልፍም። ለአቃቂው ሰው የአውሮፓ በር በዚህ ተከፍቶለታል።

በርበሬ ውስጥ ቅርንፉድና ቀረፋ አለ። ቅርንፉዱ የእኛ አይደለም፤ በርበሬው የእኛ ነው?

የለገጣፎ እናቶች ጥያቄ ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቅርንፉዱ ከውጭ ከመጣ በርበሬያችሁ «ሙሉ በሙሉ የተገኘ» በሚለው ሳጥን ውስጥ አይገባም። ብዙ ሰው ሳያስብ እዚያ ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። ምርመራ ቢመጣ የሐሰት መግለጫ ሆኖ ይቆጠራል። ትክክለኛው መንገድ በሁለተኛው በር መግባት ነው፤ ዛላው እዚህ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታምሶ፣ ከኮረሪማና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተፈጭቶ የሆነው ነገር በቂ ሥራ መሆኑን ማሳየት። ለዚህ ድልኸ፣ አዋዜና ደረቅ በርበሬ አንድ ዓይነት ኮድ ላይ እንደማይቀመጡ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቅመም ድብልቅ አንድ ቦታ፣ የተዘጋጀ ማጣፈጫና ስጎ ሌላ ቦታ ነው። የየራሳቸው የስሪት ደንብም አላቸው።

እግረ መንገዴን፦ ቀረጥ ነፃ መሆን ከጤና ቁጥጥር ነፃ አያደርግም። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የተገኘበት በርበሬ የስሪት ሰነዱ ቢያምርም ይመለሳል።

የኤችኤስ ኮድ ማን ነው የሚሰጠው? ከተሳሳተ ምን ይመጣል?

የኤችኤስ ኮድ ከላይ ያነሣሁት የዕቃው የታሪፍ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ቁጥሮች በዓለም ጉምሩክ ድርጅት የወጡ ስለሆኑ በየሀገሩ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉትን እያንዳንዱ ሀገር ለራሱ ይጨምራል፤ የእኛ ታሪፍ 8 ቁጥር ነው። ያልተቆላ ቡና 0901.11፣ የተቆላ 0901.21 ነው። ኮዱ ከተሳሳተ የስሪት ደንቡም የቀረጡ መጠንም አብረው ይሳሳታሉ፤ ሁሉም ነገር እሱ ላይ ነው የተገነባው። ኮዱን ራሳችሁ ገምታችሁ አትጻፉ። ገዢያችሁ በሀገሩ ጉምሩክ የሚጠቀምበትን ቁጥር አስልካችሁ ከእኛ ታሪፍ መጽሐፍ ጋር አስተያዩ። ካልተስማማችሁ ዕቃው ሳይሄድ ጉምሩክን በጽሑፍ ጠይቁ።

የትኛውን ሰርተፊኬት ላውጣ? ንግድ ምክር ቤት ወይስ ጉምሩክ?

ንግድ ምክር ቤት የሚሰጠው ተራው የስሪት ሀገር ምስክር ወረቀት ነው። ባንክና ገዢ ይጠይቁታል፤ ቀረጥ ግን አያስቀንስም። የኮሜሳ፣ የአህጉራዊው ነፃ ንግድና የመሳሰሉት የቅናሽ ሰርተፊኬቶች ከጉምሩክ ነው የሚወጡት። ሁለቱን ማምታታት ብዙ ገንዘብ አስከፍሏል። ገዢው «የስሪት ሰርተፊኬት ላክልኝ» ሲል የትኛውን እንደሆነ በስሙ አስነግሩት።

ለአውሮፓ ነገሩ ተለውጧል። ከ2017 ጀምሮ በመጣው አሠራር ላኪው አንድ ጊዜ ተመዝግቦ የተመዘገበ ላኪ ቁጥር ይይዛል። ከዚያ ራሱ ኢንቮይሱ ላይ የስሪት መግለጫ ይጽፋል፤ በየጭነቱ ማኅተም ፍለጋ አይሄድም። ጭነቱ ውስጥ ያለው የስሪት ዕቃ ዋጋ ከ6,000 ዩሮ የማይበልጥ ከሆነ ያልተመዘገበ ላኪም መግለጫውን መጻፍ ይችላል። ለትንንሾቹ ለእናንተ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙዎች አያውቁትም። መግለጫው ተቀባይነት የሚያገኘው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ ሲጻፍ ነው፤ ለ12 ወራት ያገለግላል። ቃላቱ አንድ በአንድ የተወሰኑ ናቸው፤ አታሳምሩት፣ አታሳጥሩት።

ብሪታንያ ከአውሮፓ ከወጣች ወዲህ የራሷ ሥርዓት አላት፤ ከሰኔ 2023 ጀምሮ ይሠራል። ወደ ለንደን የሚሄድ ዕቃ ላይ የአውሮፓውን መግለጫ ገልብጣችሁ አትለጥፉ።

የኮሜሳ አባል ነን አይደል? ታዲያ ለምን ቀረጡ ዜሮ አይሆንም?

የኮሜሳ አባል መሆንና የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጣና አባል መሆን ይለያያሉ። ነፃ ቀጣናው በ2000 ሲጀመር ኢትዮጵያ አልገባችበትም፤ ከአባል ሀገራት ለሚመጣ ዕቃ የ10 በመቶ የቀረጥ ቅናሽ ስትሰጥ ቆይታለች። ዜሮ ቀረጥም ለእኛ በራሱ አይመጣም፤ ቅናሹ በአጸፋ ነው።

የአስመጪዎች ትልቁ ስህተት ያለው «10 በመቶ» በምትለው ላይ ነው። ቀረጡ 10 በመቶ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ከቀረጡ ላይ አንድ አሥረኛው ይነሣል ማለት ነው። 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ፣ ቀረጡ 30 በመቶ የሆነ ዕቃ ከግብፅ ብታመጡ 300,000 የነበረው 270,000 ይሆናል። ቅናሹ ቀረጡ ላይ እንጂ ቫትና ሌሎቹ ታክሶች ላይ አይደለም። ሆኖም ቫት የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ 15 በመቶው ከ30,000 ላይ ሲታሰብ ሌላ 4,500 ብር ይቀንሳል። በዚህ ቅናሽ ተማምኖ ሸቀጡን በግማሽ ዋጋ እሸጣለሁ ብሎ ውል የፈረመ ሰው አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

የሚያስደስተው ሌላው ጥቅም የመደመር ደንብ ነው። ከኮሜሳ አባል ሀገር ስሪቱ የተረጋገጠ ጥሬ ዕቃ ብታመጡ በስሌታችሁ ውስጥ እንደ ራሳችሁ ይቆጠራል። ከላይ ያለው ጫማ ሠሪ ሶሉን ከግብፅ፣ ከነሰርተፊኬቱ፣ ቢያመጣ 450 ብሩ ከውጭው አምድ ወደ ውስጡ አምድ ይዛወራል።

የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ ንግድ ቀጣናስ ተጀመረ ወይስ ወሬ ነው?

ተጀምሯል። ስምምነቱ ኪጋሊ ላይ መጋቢት 2018 ተፈረመ፣ ግንቦት 2019 ጸና፣ ንግዱ ጥር 2021 በይፋ ተከፈተ። ኢትዮጵያ በበኩሏ በጥቅምት 2025 የመጀመሪያ ጭነቶቿን በዚህ ሥርዓት ልካለች። የስምምነቱ መነሻ ከታሪፍ መስመሮች 90 በመቶው ላይ ቀረጡን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ነው፤ ከቀረው 10 በመቶ መስመር 7ቱ ዘግይቶ የሚነሣ፣ 3ቱ ከነጭራሹ የማይነካ ነው። ስለዚህ ዕቃችሁ በየትኛው ክፍል እንዳለና መድረሻው ሀገር ዘንድሮ ስንት እንደሚያስከፍል ሳታዩ «አፍሪካ ነፃ ሆኗል» ብላችሁ ዋጋ አትስጡ።

የስሪት ደንቡ ዕቃ በዕቃ ተጽፏል። እዚህም የአባል ሀገራቱ ምድር እንደ አንድ ሀገር ይታያል፤ ከአንዱ ተነሥቶ በሌላው የሚቀጥል ሥራ ይደመራል።

አጎዋ ይመለስልናል?

አጎዋ አሜሪካ ለአፍሪካ ሀገራት ዕቃ ቀረጥ የምታነሣበት ሕግ ነው። ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተጠቃሚነት የወጣችው ጥር 1 ቀን 2022 ነው። ስለሚመጣው የምነግራችሁ የለኝም፤ ዛሬ ወደ አሜሪካ ዋጋ ስትሰጡ ግን ያለ አጎዋ አስሉ። ቀድሞ በዜሮ ይገባ የነበረው የጥጥ ቲሸርት መደበኛ ቀረጡ ብቻ 16.5 በመቶ ነው። ያኔ ማሽን ላይ የነበሩ፣ የወር ደመወዛቸው ለቤተሰብ ይተርፍ የነበሩ ልጆች ሥራ ያጡት በዚህች መቶኛ ልዩነት ነው። ቀረጥ የቢሮ ቁጥር ብቻ የሚመስለው ሰው የፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ማየት ነበረበት።

ዕቃው ጅቡቲ ሲያርፍ፣ መርከብ ሲቀይር ስሪቱ አይበላሽም?

በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር እስከሆነ ድረስ አይበላሽም። ማውረድ፣ መጫን፣ እንዳይበላሽ መጠበቅ ይፈቀዳል። የሚያበላሸው መንገድ ላይ ተከፍቶ ሌላ ሥራ ሲሠራበት፣ ከሌላ ዕቃ ጋር ሲቀላቀል ወይም ወደ ሌላ ሀገር ገበያ ገብቶ እንደገና ሲወጣ ነው። ሰሊጡን ዱባይ ላለ ነጋዴ ሸጣችሁ እሱ መጋዘኑ ውስጥ ከሌላ ሀገር ሰሊጥ ጋር ደባልቆ ቢልከው የእናንተ ሰነድ አይከተለውም። የኮንቴይነሩ ሲል (የበር ማሸጊያ ቁልፍ) ቁጥርና እስከ መጨረሻው ወደብ የሚደርስ ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ዋና ምስክሮቻችሁ ናቸው። ማሸጊያው ሲታሸግ ፎቶ አንሡት።

ቀረጡን የሚከፍለው ገዢው ነው። ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?

በትክክል ካልጠየቃችሁ ምንም አያገባችሁም፤ ቅናሹ በሙሉ ገዢው ኪስ ይገባል። ብዙ ላኪ ወረቀቱን ለማውጣት ሲሮጥ ከርሞ ዋጋው ላይ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር ይሸጣል። ገዢው ከሌላ ሀገር ያንኑ ማር ቢያመጣ 17.3 በመቶ እንደሚከፍል ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ስትደራደሩ ይህን ቁጥር በእጃችሁ ይዛችሁ ግቡ። ሙሉውን ካላገኛችሁ እኩሌታውን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው አሉ፤ ገዢው ግን ሒሳቡን ከእናንተ ቀድሞ ሠርቶታል።

ሰነዱ ውድቅ ቢደረግ ወይም ማጣሪያ ቢጠየቅስ?

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። የማር ጭነት ነበር። ፓኪንግ ሊስቱ (የማሸጊያና የክብደት ዝርዝሩ) 1,480 ኪሎ ይላል፤ እኔ ሰርተፊኬቱ ላይ 1,840 ጻፍኩ፤ ሁለት አኃዝ ተለዋወጠብኝ። መድረሻው ላይ ያሉት ሰዎች የትኛው ማር ነው ብለው ቅናሹን አገዱ፤ ገዢው ሙሉውን ቀረጥ በመያዣ ከፈለ። ማስተካከያው ደርሶ ገንዘቡ እስኪለቀቅ ሳምንታት አለፉ፤ ገዢው ቀጣዩን ትእዛዝ ለሌላ ሰው ሰጠ። ላኪዋ ሴትዮ አልተቆጡኝም፤ «ቀፎውን በየሌሊቱ እየዞርን ነው የቆረጥነው» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱን፣ ዲክላራሲዮኑን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ)ና ሰርተፊኬቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በጣቴ እየተከተልኩ ክብደት፣ ካርቶን ብዛት፣ ኮድና የኢንቮይስ ቁጥር ሳላመሳክር አልፈርምም።

ማጣሪያ ደግሞ ዕቃው ገብቶ ከተሸጠ በኋላም ሊመጣ ይችላል። ተቀባዩ ሀገር ለእኛ ጉምሩክ ይጽፋል፤ ጉምሩክ እናንተ ዘንድ ይመጣል። የሚጠየቀው የጥሬ ዕቃ ግዢ ደረሰኝ፣ የገቢ ዕቃ ዲክላራሲዮን፣ የምርት መዝገብ፣ የደመወዝ ሰነድና የወጪ ስሌት ነው። ቆዳ ከነጋዴ ያለደረሰኝ የገዛ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል፤ ቆዳው የሀገር ውስጥ መሆኑን በምን ያሳያል? የአውሮፓው ደንብ ሰነዱ መግለጫው ከተጻፈበት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ቢያንስ 3 ዓመት እንዲቀመጥ ይጠይቃል፤ እኔ 5 ዓመት አስቀምጡ እላለሁ።

ዕቃው ሄዷል፤ ሰርተፊኬቱን ሳላወጣ ረስቻለሁ። አለቀልኝ?

ብዙ ጊዜ አላለቀም። አብዛኞቹ ሥርዓቶች ሰርተፊኬት ዕቃው ከተጫነ በኋላም እንዲሰጥ ይፈቅዳሉ፤ ወደኋላ ተመልሶ የተሰጠ መሆኑ ላዩ ላይ ይጻፋል። የጊዜ ገደብ ስላለው ግን ዛሬውኑ ተነሡ። ገዢያችሁ ቀረጡን በመያዣ እንዲያስይዝና ሰነዱ እንደሚመጣ ለጉምሩኩ በመግቢያው ሰነድ ላይ እንዲያስታውቅ ንገሩት። እናንተ ደግሞ የመውጫ ዲክላራሲዮኑን፣ ኢንቮይሱን፣ የመጫኛ ሰነዱንና የወጪ ስሌቱን ይዛችሁ ጉምሩክ ሂዱ። ማመልከቻው ላይ ለምን እንደዘገየ እውነቱን ጻፉ፤ ረስታችሁት ቢሆንም እንኳ።